ወንዙን የዘለለው መስመር

ከገዳሪፍ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ትልቁ የእህል ጎተራ ከሩቅ በሚታይበት ሜዳ ላይ፣ ሦስት ዓመት ያህል የኖርኩበት የስደተኞች ሰፈር ነበር። ስሙን አልጠራውም። ዛሬ ሌሎች ሰዎች ይኖሩበታል ይባላል፤ የእኛን ጥፋት በነሱ ደጃፍ ማራገፍ ደግ አይደለም።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ከደምቢያ፣ ከጭልጋ፣ ከአርማጭሆ፣ ከወገራ የተነሣ ሰው መተማን እያለፈ ሱዳን ይገባ ነበር። ገሚሱ መንገዱን ከዚያ በፊትም ያውቀዋል፤ በየዓመቱ ወደ ሱዳኑ የእርሻ አገር ወደ ቁረይሻ ለሰሊጥ አጨዳና ለማሽላ ቆረጣ ይወርድ የነበረ የጉልበት ሠራተኛ ነው። ያን ዓመት ግን ማጭድ ሳይሆን ልጁን ይዞ መጣ። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጎንደር እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ እጅ ጽሑፌ ያምራል፤ ማማሩን ደግሞ ከማንም በፊት የማውቀው እኔው ነበርኩ።

ሰፈሩን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ልሥለው እችላለሁ። በአንድ በኩል ወደ ገላባት የሚወስደው የመኪና መንገድ አለ። በሌላው በኩል የሱዳኖች የማሽላ እርሻ፣ ያን ዓመት የደረቀ አገዳ ብቻ የቆመበት። መሬቱ ዋልካ ነው፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ጫማ ነጥቆ ያስቀራል። በመካከሉ ኾር ያልፋል። ኾር የሚሉት በበጋ ደረቅ አሸዋ፣ በዝናብ ጊዜ ደራሽ ውሃ የሚሆነውን ወንዝ ነው። እኛ የደረስነው በበጋ ነበርና ወንዝ ነው ብሎ ያሰበው ሰው አልነበረም። ሴቶች እንጨት ተሸክመው በአሸዋው ይሄዱበታል፤ ሽማግሌዎች ከዳርቻው ጥላ ሥር ተቀምጠው ስለ አገራቸው ያወራሉ።

ከኾሩ ወዲህ የውሃ ቦቴው የሚቆምበት ቦታ፣ ድንኳን ክሊኒኩ፣ ሐጂ የምንላቸው ነጋዴ ሱቅና ቀድሞ የገባው ሰው ጎጆ ነበር። ከኾሩ ወዲያ ዘግይቶ የመጣው ሰው ሰፈረ። ያንን ወገን ማዶ እንለው ነበር።

እህቴ ማዶ ነበረች። በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ ከገባሁ ከሁለት ወር በኋላ፣ ባሏን መንገድ ላይ ቀብራ፣ የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ ደረሰች። ከኾሩ ወዲህ አንድ ጎጆ የሚያስቆም ቦታ አልቀረም ነበር። ማዶ ጎጆዋን ራሴ ሠራሁላት። ልጅቱ ከኩፍኝ ገና ማገገሟ ነው፤ ክሊኒኩ በየሳምንቱ የዱቄት ወተት እንድትወስድ አዞላት ነበር። ወተቱን የጠጣች ቀን ትስቃለች፣ ያልጠጣች ቀን ትተኛለች። በዚያ ጊዜ በዓለም ላይ ለእህቴ ከዚያች ልጅና ከዚያ ወተት ሌላ ነገር አልነበራትም።

እርዳታው በመጀመሪያ የሚታደለው በአንድ ቦታ ነበር። መኪናው ሲመጣ ጉልበት ያለው ይወስዳል፣ የሌለው ይረገጣል። ስለዚህ የሰፈሩ ሙዲር፣ አስተዳዳሪው ማለት ነው፣ አንድ ቀን ሰበሰበን። ድምፁን ከፍ የማያደርግ ረዥም ሱዳናዊ ነበር። ንግግሩን የሚተረጉሙት ሐጂ ናቸው። ሐጂ የመተማ ሙስሊም ናቸው፤ ከድርቁ ብዙ ዓመት በፊት መጥተው ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ፣ የሁለቱንም አገር ቋንቋና ጠባይ የሚያውቁ ሰው።

«ሰፈሩ በክፍል በክፍል ይከፈል፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰው ለለጅናው ይምረጥ» አለ ሙዲሩ። ለጅና ኮሚቴ፣ ዱራም ማሽላ ነው። «ዱራው፣ ዘይቱ፣ የልጆች ወተት በተመራጩ ደጅ ይራገፋል። ሰው ሁሉ ስሙ ካለበት ክፍል ብቻ ይወስዳል፤ ከሌላ ክፍል መውሰድ ክልክል ነው።»

«ክፍሉን ማን ያወጣዋል?» ብሎ አንዱ ጠየቀ።

«እናንተው። የምትኖሩበት እናንተ ናችሁ» አለ ሙዲሩ። ክብር የሰጠን መስሎት ነበር፤ በእርግጥም ሰጥቶናል።

ምርጫ የሚሉትን ነገር አገር ቤት እናውቀዋለን ብለን ነበር። የቀበሌ ሊቀ መንበር ሲመረጥ እጅ አውጥተናል። የሚመረጠው ሰው ከስብሰባው በፊት ይታወቃል፤ እኛን የሚጠሩን እጃችንን ለመቁጠር ነው። እጁን ያላወጣም ሰው ይቆጠራል፤ የሱ ቆጠራ ግን ሌላ ቦታ ነው። አሁን ማንም ሳያዘን፣ የራሳችንን ድንበር ራሳችን አስምረን፣ የወደድነውን እንመርጣለን ተባልን። ጽሑፍ የሚችል ሲፈለግ ሁሉም ወደ እኔ አየ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬንም አልደበቅሁትም።

የወተት ካርቶን ገልብጬ በከሰል መንደፍ ጀመርኩ። ሦስት ቀን ሰፈሩን በእርምጃ ለካሁት። በሦስተኛው ቀን ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው አብረውኝ ወጡ፤ ከኾሩ ዳር አንድ ትልቅ ግራር ሥር አቆሙኝ። ቀና ብዬ ሳይ፣ እጄን ዘርግቼ ከማልደርስበት ቅርንጫፍ ላይ ደረቅ ሣርና ጭራሮ ተጠላልፎ ተንጠልጥሏል።

«ይኸን ማን ሰቀለው ትላለህ?» አሉኝ።

«ወፍ ይሆናላ።»

«ወፍ አይደለም። ያለፈው ኸሪፍ ውሃ ነው የሰቀለው» አሉ። ኸሪፍ ክረምቱ ነው። «ድርቅ ነው በተባለበት ዓመት እንኳ እዚህ ድረስ መጥቷል። አንዳንዴ ስድስት ቀን፣ ሰባት ቀን ሰው አይሻገረውም። ወላሂ እነግርሃለሁ፣ ማዶን ለብቻው ክፍል አድርገው። ዱራውም ወተቱም እዚያው ይራገፍለት።»

ያን ሣር ረዥም ጊዜ አየሁት። የገባኝ ነገር አልጎደለም። ማታ ጎጆዬ ገብቼ ኾሩን ድንበር አድርጌ መስመሩን ጣልኩ፤ ማዶ ራሱን የቻለ ክፍል ሆነ። ጥሩ ሥዕል ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ዳሱ ሥር ተሰበሰቡ። መጀመሪያ የተናገሩት የክርስትና አባቴ ናቸው። በድሮው ዘመን ጭቃ ሹም ነበሩ፤ ሲናገሩ ሰው ሳያስበው ነጠላውን ያስተካክላል። ካርቶኑን አዩትና ኾሩን በጣታቸው ነኩት።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ኾሩ ነው፣ አባ።»

«እና እኛ በዚህ አገር ውሃ ልንከፈል ነው?» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ኀዘን ነበር። «ልጄ፣ እኛ እዚህ ልንኖር አልመጣንም። ዝናብ ሲጥል እንመለሳለን። በዚህ አገር ወንዝ ከተከፈልን የዚህ አገር ሰዎች ሆነን ቀረን ማለት ነው። ደምቢያ ደምቢያ ይሁን፣ ጭልጋ ጭልጋ ይሁን፣ አርማጭሆም እንደዚሁ። ሰው ሲሞት ማን ነው የሚቀብረው? የአገሩ ልጅ አይደለም? ማዶ ያለው የደምቢያ ሰው ቢሞት ከደምቢያ ከለየኸው ማን ያነሣዋል?»

ይኸ የመጨረሻው ቃል ሁሉንም ያዘ። ያኔ ሰፈሩ ውስጥ ሬሳ የማይወጣበት ቀን ጥቂት ነበር። ሰው ከርሀቡ እኩል የሚፈራው ያለ ወገን መቀበርን ነው። ዛሬ ሳስበው ክፍላችንን ያወጣነው ለሚበላው ሰው አልነበረም፤ ለሚቀበረው ነበር። ያኔ ግን እንዲህ ብሎ የሚያስብ ጭንቅላት አልነበረኝም፤ ሌላ የማስበው ነገር ነበረኝ።

ሐጂ ፈቃድ ጠይቀው ተናገሩ። «አባ፣ የሚሉት እውነት ነው፤ ግን ደምቢያ ያለው ወንዝ እዚህ አይሞላም። የሚሞላው ይኸኛው ነው።»

«ሐጂ፣ እርስዎ እዚህ የኖሩ ሰው ነዎት፤ እኛ መንገደኞች ነን» አሉ የክርስትና አባቴ፣ በአክብሮት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ሜዳውን የለካኸው አንተ ነህ። ምን ትላለህ?»

ስለ ግራሩ መናገር ነበረብኝ። ሁለት ነገር ያዘኝ። አንደኛው ይሉኝታ ነው፤ ክርስትና ያነሡኝን ሰው በሽማግሌ ፊት ተሳስተዋል ማለት ለእኔ ያኔ የሚቻል ነገር አልነበረም። ይኸኛውን ለብዙ ሰው ተናግሬዋለሁ፤ ሰውም ራሱን ነቅንቆ ይረዳኛል። ሁለተኛውን ግን ደብቄ የኖርኩት ነው። ለደምቢያ ክፍል ልወዳደር አስቤ ነበር። ተፎካካሪዬ ከኾሩ ወዲህ የሚኖር ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሰው የሚወደው፣ ዘመደ ብዙ። ወዲህ ባለው ሰው ብቻ ከተቆጠረ ያሸንፈኛል። ማዶ ያሉት የደምቢያ ሰዎች ግን የእኔ ነበሩ፤ እህቴ እዚያ ናት፣ ለጎረቤቶቿም ጎጆ ሲሠሩ ወጋግራ አቀብያለሁ። የክርስትና አባቴ ስለ ቀብር ሲናገሩ እኔ ጉልበቴ ሥር በጣቴ የማዶን አባወራ እቆጥር ነበር።

«አባ እንዳሉት ይሁን» አልኩ።

አዲሱን ካርታ በእስክሪብቶ ሠራሁት። የደምቢያ መስመር ኾሩን ዘሎ ማዶ ከሚገኙ ጎጆዎች ገሚሱን ያቅፋል፤ የጭልጋ፣ የአርማጭሆና የወገራ ደግሞ የቀረውን። ኾሩን ቀጭን አድርጌ ነበር የሣልኩት፤ ዓይን እንዳይገባ። ሙዲሩ ካርቶኑን አይቶ ጥቂት አሰበና፣ «ይኸን ነው የምትፈልጉት?» አለ። ሁላችንም አዎ አልን። ፈረመበት።

ምርጫው በሰልፍ ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ጀርባችንን ለሕዝቡ ሰጥተን እንቆማለን፤ ሰው ከፈለገው ሰው ኋላ ይሰለፋል፤ ማን ከማን ኋላ እንደቆመ አይተን ቂም እንዳንይዝ ነው ተባለ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ጀርባ ግን አይሰማም ያለው ማን ነው? የዘመዴን አረማመድ አውቀዋለሁ። ሰውም ቢሆን እኛ ባናየውም እርስ በርሱ ይተያያል፤ አበ ልጁን ትቶ ከሌላ ኋላ የሚቆም ማን አለ? «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይባል የለም? ከሁሉም ቀድማ ከኋላዬ የቆመችው እህቴ ናት። ልጇን እንዳዘለች፣ «አለሁ፣ ወንድምዓለም» አለችኝ። ዘወር በሉ ሲባል የእኔ ሰልፍ ከልብስ ሰፊው ይረዝም ነበር። ማዶዎች ባይኖሩ አላሸንፍም ነበር።

ተመራጭ ሆንኩ። ለሁለት ወር ያህል መልካም ተመራጭ ነበርኩ፤ ይኸን ለራሴ አልነፍግም። ዱራው በደጄ ይራገፋል፣ መዝገቤ ንጹሕ ነው፣ አላበላለጥኩም። የማዶ ሰው በአሸዋው ተሻግሮ ይመጣል፣ ድርሻውን ተሸክሞ ይመለሳል። እህቴ በየሳምንቱ ለወተቱ ትመጣለች። ልጅቱ እግር ተከለች። አንድ ቀን ከመዝገቤ ላይ እስክሪብቶዬን ነጥቃ ሮጠች፤ እህቴም፣ ልጇ ከታመመች ወዲህ ስትሮጥ የመጀመሪያዋ ነው ብላ አለቀሰች።

ከዚያ ደመና መጣ። ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ ዝናብ ማለት ለእኛ አገር መግቢያ ማለት ነበር። የክርስትና አባቴ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ፊታቸውን ለጠብታው ሰጡ። የመጀመሪያው ጎርፍ ከሌሊት መጥቶ በቀትር ጎደለ። ሰው አሸዋው ላይ የቀረውን ውሃ እየረገጠ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ የሚባለውን ተረት ስናወራው ኖረን፣ ሲመጣ አላወቅነውም።

ሁለተኛው ጎርፍ የመጣው መኪናው በመጣ ማግስት ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የሁሉም ክፍል ዱራና ወተት ከኾሩ ወዲህ ተራግፎ፣ እደላው ለማክሰኞ ጧት ተቀጥሮ ነበር። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ የሰማሁትን ድምፅ መጀመሪያ መኪና ነበር የመሰለኝ። ስወጣ ኾሩ የለም። ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ውሃ ነው፤ ግንድ ይዞ፣ የሰው የጎጆ ክዳን ይዞ ይሄዳል። ማዶ ዳር ሰው ተሰልፎ ቆሟል። ማዳበሪያዎቹ እኔ ደጅ ላይ በላስቲክ ተሸፍነው ተደርድረዋል። ከዚያ ሆነው ያዩዋቸዋል።

የአርማጭሆ ጎረምሶች ገመድ ወገባቸው ላይ አስረው ሞከሩ፤ አንዱን ውሃው ጠቅልሎት በመከራ ተጎትቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ እናቶቻቸው ከለከሏቸው። ሙዲሩ ገዳሪፍ ነው፤ ዋልካው መኪና አያሳልፍም። ሐጂ ከሱቃቸው በርሜል አውጥተው ከእንጨት ጋር አሳሰሩና ለቀቁት፤ ውሃው ገልብጦ ይዞት ሄደ። አንድም ቀን «ብያችሁ ነበር» አላሉም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

በሁለተኛው ቀን እህቴ ዳር ወጣች። ትጮኻለች፤ የውሃው ድምፅ ይውጠዋል። ልጇን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። እኔ ደግሞ ወደ ጎጆዬ ሮጥኩና የወተቱን ቆርቆሮ አምጥቼ ከፍ አድርጌ አሳየኋት። አለልሽ ማለቴ ነበር። በሕይወቴ ከሠራሁት ነገር ሁሉ ይኸን ያህል የሚያሳፍረኝ የለም።

በአራተኛው ቀን ብቻዋን መጣች። እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ አሳየችኝ፤ ተኝታለች ማለቷ ነው። በስድስተኛው ቀን ስትመጣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምልክት አላስፈለገም። የደምቢያ ሴቶች ከኾሩ ወዲህ ቆመው ውሃውን እያዩ አለቀሱ፤ የክርስትና አባቴም መሬት ላይ ተቀመጡ።

ልጅቱን የቀበሯት የአገሯ ልጆች ብቻ አይደሉም። ጉድጓዱን የቆፈረው ከሑመራ በኩል የመጣ ትግርኛ ተናጋሪ ነው፤ ወገን ስላልነበረው ክፍል ሲወጣ ከማን ጋር እንደምናደርገው ጨንቆን፣ በመጨረሻ ከወገራ ጋር የለጠፍነው ሰው። ሬሳዋን ያነሡት የአርማጭሆ ወንዶች፣ ሙሾ ያወጡት የጭልጋ ሴቶች ናቸው። በዚያ ሳምንት ማዶ የሞተችው እሷ ብቻ አልነበረችም፤ ሌሎቹንም የቀበረው ያው ሰው ነበር።

ውሃው በስምንተኛው ቀን ጎደለ። እስከ ደረቴ ገብቼ ተሻገርኩ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል፣ «ተው፣ ቁም» አለችኝ። ሰልስቱ ሲያልፍ ጎጆዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ነገርኳት። ግራሩን አውቀው ነበር አልኳት። ሐጂ አሳይተውኝ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ይሉኝታ ነው ልላት ነበር፤ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ግን እውነቱ ወጣ። «ለመመረጥ» አልኩ።

ከዚያ ተነሥታ እንስራዋን አዝላ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ያልኳትን ለሌላ ለማንም ሰው አልተናገረችም፤ ያንን ያወቅሁት ሰው እንደ ድሮው ሲያከብረኝ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ እኛም ተሰበሰብን። የክርስትና አባቴ ድንጋይ ማጅራታቸው ላይ ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው፣ በማዶ ሰዎች ፊት ቆሙ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በሞታችን ስንጨነቅ ሕይወታችንን ረሳን» አሉ። ሰው ተነሥቶ ድንጋዩን አወረደላቸው። ከጎናቸው ሌላ ድንጋይ ተሸክሜ መቆም የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ተቀምጬ አየኋቸው። ያ ሁለተኛው ዝምታዬ ነው፤ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ ያኔ የማተርፈው ነገር እንኳ አልነበረኝም። እኒያ ሽማግሌ ደምቢያን መልሰው ሳያዩ፣ ጥፋቱ የሳቸው ብቻ እንደሆነ አምነው ሞቱ።

ክፍሉ በኾሩ ተከፈለ። ማዶ ለብቻው ሆነ፤ ምርጫም ተጠራ። እኔ ከኾሩ ወዲህ ያለውን ተመራጭነት ለልብስ ሰፊው ትቼ፣ ጎጆዬን አፍርሼ ከእህቴ አጠገብ ሠርቼ ነበር። ማዶዎች ተወዳደር አሉኝ፤ የተማረ ነው፣ ለእህቱ ብሎ መጣ አሉ። እሺ አልኩ። ጥፋቴን በሥራ ልክሰው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ግማሹም እውነት ነበር። በሌላ በኩል የቆመው ያ ቀባሪው ሰውዬ ነው። አማርኛው ይሰበራል፣ አንድ ዘመድ የለውም። እንደ እኛ ልማድ ከሱ ኋላ የሚቆም ሰው መኖር አልነበረበትም።

ጀርባችንን ሰጥተን ቆምን። የሰማሁት ጸጥታ ነው። ሰው የሚያየው እህቴን እንደነበር ኋላ ነገሩኝ፤ ልጇ የሞተባት እሷ ናት፣ ወንድሟ እኔ ነኝ፤ እሷ ወደ ሄደችበት ሊሄዱ ነው። ከዚያ የአንድ ሰው እግር ተራመደ። በአጠገቤ አለፈ። ቀጥሎ የብዙ ሰው እግር ተከተለ።

ዘወር በሉ ሲባል ከኋላዬ አራት ሰዎች አሉ። የቀረው ሁሉ እዚያ ነው፤ ደምቢያ፣ ጭልጋ፣ አርማጭሆ ተደባልቆ። ከሁሉም ፊት እህቴ ቆማለች። ዓይኗን ከእኔ አላሸሸችም፤ ክፋትም አልነበረበትም። ከወገኖቻችን መካከል ከገዛ ወንድሙ ኋላ መቆም ትቶ ከባዳ ኋላ ሲቆም ያየሁት የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። አፈርኩ፤ ተናደድኩም፤ ልዋሽ አልፈልግም። ንዴቱ ሲበርድ ደግሞ ከትከሻዬ ላይ የሆነ ነገር ወረደ።

አዲሱ ተመራጭ ወደ እኔ መጣ። «ወንድሜ፣ እኔ በአማርኛ አልጽፍም። መዝገቡን አንተ ያዝልኝ» አለ። ሥራው በዚያው ሰዓት ተጀመረ፤ መኪናው በማግስቱ ማዶ ሊያራግፍ ነው። አዲስ ደብተር ከፍቼ ተቀመጥኩ፤ ሰው ተሰለፈ። ያኔ ሞት ይደበቅ ነበር። ልጁ የሞተበት ሰው ስሙን ከመዝገብ አያስወጣም፤ የሟቹ ድርሻ ለቀሩት ይበላ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ማንንም አይነቅፍም፤ እኔም ከኾሩ ወዲህ ሳለሁ አውቄ ዝም ብዬ እጽፍ ነበር።

ከሰልፉ ፊት የነበረችው እህቴ ናት። ስሟን ጻፍኩ። ቀጥሎ የሚጠየቀው የቤተሰብ ብዛት ነው። ለሌላው የምጠይቀውን ለሷ አለመጠየቅ አልቻልኩም።

«ስንት ሰው?» አልኳት።

ሁለት ብትለኝ ሁለት እጽፍ ነበር። እሷም ታውቃለች።

«አንድ» አለች።

እስክሪብቶውን አንሥቼ ቀና ብዬ አየኋት። ከኋላዋ ያሉት ሰዎች ይጠብቃሉ።

«ጻፈው እንጂ፣ ወንድምዓለም» አለችኝ። «ያለውን ጻፍ።»

ጻፍኩት። እሷም ወጣ ብላ ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ለቀቀችለት።